ከኢተያ እስከ በቆጂ፦ አያት ይዞ የሚደረግ ጉዞ

ልጆቻችሁን ታሪክ ለማሳየት ስታስቡ ቀድሞ የሚመጣላችሁ ላሊበላ ወይም ጎንደር ነው አይደል? እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በማርኬቲንግ ሙያዬ የሌላውን ሳስተዋውቅ የትውልድ አካባቢዬን ረስቼው ኖሬያለሁ። ባለፈው ጥቅምት ግን ሁለቱን ልጆቼንና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን የእናቴን እናት፣ አኮን፣ አሳፍሬ ከአዳማ ወደ አሰላ ወጣሁ። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ፈጀንበት።

መጀመሪያ ያረፍነው ሂጦሳ ወረዳ፣ በኢተያ በኩል በሚገኘው የአኖሌ መታሰቢያ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ሐውልት የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው። የአርሲ ኦሮሞዎች በ1870ዎቹ ከምኒልክ ጦር ጋር ያደረጉትን ተጋድሎና ደረሰ የሚባለውን የአካል መቁረጥ ይዘክራል። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ምን እንደምትሏቸው ቀድማችሁ አስቡበት። የዘጠኝ ዓመት ልጄ "የማን እጅ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ እኔ ቃል አጣሁ። አኮ ግን "የሰው ነው፣ ልጄ" አሉት።

ወደ አሰላ ስትቃረቡ ቁሉምሳን ታገኛላችሁ። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የተዳቀሉ የወተት ላሞችን ለገበሬው ያደረሰው በዚህ አካባቢ ነው። የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ዛሬም አዳዲስ የስንዴ ዝርያዎችን ያወጣል። ጠዋት ለልጆቻችሁ የምትቆርሱት ዳቦ ከዚህ ታሪክ ጋር ሳይገናኝ አይቀርም።

ታሪኩ ግን ሌላ ገጽ አለው። ስንዴ ትርፋማ ሲሆን፣ ትራክተርም ሲመጣ፣ ብዙ ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስነሱ። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው። የአባቴ አባት ትራክተር ነጂ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ፎቷቸው ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። አኮ የስንዴውን ማሳ ዳር ቆመው እያዩ "የእኛ ጎጆ እዚህ ጋ ነበረች፤ ሲያስነሱን እናትሽ ጀርባዬ ላይ ነበረች" ያሉኝ ያን ቀን ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሁለቱም አያቶቼ በወላጆቼ ሠርግ ከአንድ ገበታ በልተዋል። ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረው እንደሆነ የሚነግረኝ ግን የለም፤ ሁለቱም አልፈዋል።

አሰላ ከተማ ስትገቡ የአርሲ ሙዚየምን ጎብኙ። ሰዓቱን ቀድማችሁ አጣሩ። ሴት ልጅ ካለቻችሁ ስለ ሲንቄ ንገሯት። ሲንቄ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ቀጭን ዘንግ ናት፤ የሴቷ ክብርና መብት ምልክት። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ወገኖች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል። አኮ የራሳቸውን እስከ ዛሬ ከአልጋቸው ራስጌ ያኖራሉ። ሴት ልጄ "ለእኔስ ትሰጪኛለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ሳትሰጠኝ በከተማ አዳራሽ ተዳርኩ፣ ብዬ ለማስረዳት ተቸገርኩ።

ጊዜ ካላችሁ በማግስቱ ማለዳ ከአሰላ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ በቆጂ ድረሱ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት፣ ደራርቱ ቱሉ፣ የዚህ ምድር ልጅ ናት። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም እንዲሁ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደግሞ የአሰላ ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለስ ነበር። በማለዳው ብርድ የሚሮጡትን ታዳጊዎች ስታዩ ልጆቻችሁ አብረው መሮጥ ያምራቸዋል። ፍቀዱላቸው፤ ግን ጃኬት አትርሱ።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አደራ፦ አያት፣ አክስት ወይም ታላቅ ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ክፈቱና "እዚህ ጋ ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ከአኮ አርባ ደቂቃ ቀድቻለሁ። የትራክተር ነጂው አያቴ ግን ያለኝ ፎቷቸው ብቻ ነው።