ጥቁሩን የሚወስነው ወረቀት

ኢንክጄት ፕሪንተርን ከባለ ብዙ ቀለም ጥልፍ ፎቶ ይልቅ የግራጫ ግድግዳ ፎቶ ይፈትነዋል። በጥልፉ ላይ ቀዩ ትንሽ ቢደምቅ ማንም ልብ አይለውም፤ ግራጫው ግን ቅንጣት አረንጓዴ ከገባበት ዓይን ወዲያው ይለየዋል።

ተራ ፕሪንተር ግራጫን የሚሠራው በአብዛኛው ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫ ቀለሞችን ቀላቅሎ ነው። ድብልቁ በመስኮት ብርሃን ገለልተኛ መስሎ፣ አምፖል ሥር ሲታይ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ኬ3 የተባለ የቀለም ስብስብ ለዚህ መልስ ነበር፦ ጥቁር፣ ፈዛዛ ጥቁርና እጅግ ፈዛዛ ጥቁር በአንድ ማሽን። ግራጫው በዋነኛነት ከእነዚህ ስለሚሠራ፣ ለሌሎቹ ቀለሞች የሚቀራቸው ቃናውን ጥቂት ማሞቅ ወይም ማቀዝቀዝ ነው። በቨርሞንት የሚሠራው አሜሪካዊ አታሚ ጆን ኮን ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄዷል፤ ፒየዞግራፊ በተባለው ዘዴው ባለቀለም ካርትሪጆቹን አውጥቶ በየደረጃው በቀጠነ የካርቦን ጥቁር ተክቷቸዋል።

ማሽኑ ይህን ሁሉ ቢያሟላም ጥቁሩ ምን ያህል እንደሚጠልቅ የሚወስነው ወረቀቱ ነው። እንደ ሃነሙለ ፎቶ ራግ ያለው፣ ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራ ማት (የማያንጸባርቅ) ወረቀት ገጹ ብርሃንን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትናል። ስለዚህ በጣም የጠቆረው ቦታ እንኳ ካረፈበት ብርሃን 2.5 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ከሥሩ ባሪየም ሰልፌት የተቀባው አንጸባራቂ ባሪታ ወረቀት ግን ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ይመልሳል።

አምስት እጥፍ ልዩነት ነው!

ያም ሆኖ ባሪታ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። የሌሊት ጎዳና ያን ጥልቅ ጥቁር ይፈልጋል፤ የማለዳ ጉምና የአዛውንት ፊት ግን በማት ወረቀት ላይ ለስላሳ ሆነው ይወጣሉ፣ ከመስኮት ትይዩ ቢሰቀሉም አያብረቀርቁም። ፎቶው ከመስታወት ጀርባ ከገባ ደግሞ ነጸብራቁ የሁለቱን ልዩነት ያጠበዋል። ለዓመታት እንዲቆይ የታሰበ ሥራ ማንጫ ኬሚካል በሌለው ወረቀት ቢታተም ይመረጣል፤ ኬሚካሉ ኃይሉን ሲያጣ የወረቀቱ ንጣት ወደ ቢጫ ያዘነብላልና። ባዶውን ወረቀት በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር መያዝ ለመለየት ይበቃል፦ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ ኬሚካሉ አለበት።

በፕሪንተሩ ዝርዝር ውስጥ የሚመረጠው የወረቀት ዓይነት የሚረጨውን የቀለም መጠንና የሚሠራበትን ጥቁር ይወስናል። ለአንጸባራቂ ወረቀት የተሠራው ጥቁር በማት ላይ ደብዝዞ ይቀራል፤ የማቱ ጥቁር በአንጸባራቂው ላይ ሲታሸ ይለቃል። በፕሪንተሩ ላይ የጥቁርና ነጭ ሞድ ካለ እሱን መጠቀም ይሻላል። ሶፍትዌሩና ፕሪንተሩ ሁለቱም ቀለም እንዲያስተካክሉ ከተተዉ ግን ምስሉ ሁለት ጊዜ ይታረምና ይበላሻል።

ውድ ወረቀት ከመጨረስ በፊት ከነጭ እስከ ጥቁር በ21 ደረጃ የተከፈለ የግራጫ ሰንጠረዥ ማተም፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያም ፎቶው በሚሰቀልበት ብርሃን ማየት ነው። ጥቁሩ ጫፍ አካባቢ ያሉት ደረጃዎች በባሪታ ላይ ተለይተው በጥጡ ላይ ከተዋሃዱ፣ ለጥጡ ወረቀት ሌላ ፋይል ተዘጋጅቶ የጥላው ክፍል ጥቂት መፍካት አለበት።