ቍልፉ በማን እጅ ነው?

ቤት የገዛ ሰው የጓዳው ቍልፍ በሻጩ እጅ ቢቀርበት ምን ይላል? የአይፎን ስልክ ገዥ ዕጣ ለብዙ ዘመን ይኸው ነበር፤ ፕሮግራም የሚያገኘው ሠሪው አፕል ካቆመው መደብር ብቻ ነበርና። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያ ሕግ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከማርች 2024 ጀምሮ፣ በኅብረቱ አገሮች ለሌሎች መደብሮች በር አስከፈተ።

ኩባንያው ግን በጁን፣ የስልኩን ገጽ በኮምፒዩተር ላይ የሚያሳየውን አዲስ አገልግሎት በዚያ ዓመት ለአውሮፓውያን እንደማይሰጥ አስታወቀ። ሕጉን ማክበር የደንበኛን ምስጢር ያጋልጣል ሲል አመካኘ። ምስጢር መጠበቅስ መልካም ነው፤ እኛ ግን ጠባቂውና ነጋዴው አንድ ሲሆን ቃሉን በጥንቃቄ እንሰማለን። በፌብሩዋሪ የድር ፕሮግራሞችን ለመከልከል ያቀረበው ምክንያትም ይኸው የደኅንነት ነገር ነበር፤ ቅሬታ ሲበዛበት ግን በማርች 1 ቀን ውሳኔውን ሻረ።