የጅጅጋ ሜዳ የሚፈልጋቸው ቆጣሪዎች

ከጅጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ ሲኬድ ግራና ቀኝ የተዘረጋውን ሣር ብዙ መንገደኛ ባዶ ሜዳ ነው ብሎ ያልፈዋል። በዚህ አካባቢ ግን ከምድር ገጽ ልትጠፋ ጫፍ ላይ የደረሰች ወፍ ትኖራለች፤ የሶማሊላንድ ገዥ በነበረው በጄፍሪ አርቸር ስም የተሰየመችው የአርቸር ላርክ። ሶማሊላንድ ውስጥ ከ1922 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወዲህ በእርግጠኝነት ያያት የለም። ክሌር ስፖቲስውድና ባልደረቦቿ በ2013 ባወጡት ጥናት የጅጅጋ ሜዳ ላርክ፣ የነጌሌ ቦረናዋ የሊበን ላርክና የአርቸር ላርክ አንድ ዝርያ መሆናቸውን አሳዩ።

ወፏ ቡናማና ጅራተ አጭር ናት፤ ሰው ሲቀርባት ከመብረር ይልቅ ሣር ለሣር መሮጥ ትመርጣለች። ከሩቅ የመጣ ተመራማሪ ጥቂት ቀን ፈልጎ ይመለሳል። እረኛውና የሐርሺን ወይም የአውበሬ ተማሪ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። የዜጎች ሳይንስ የሚባለው እነዚህን ሰዎች አሠልጥኖ ያዩትን ሳይንስ በሚጠቀምበት መልክ እንዲመዘግቡ ማድረግ ነው።

መሠረቱ ቀላል ነው፤ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን አየ። ለመመዝገቢያም መተግበሪያዎች አሉ፤ ለዕፅዋትና ለነፍሳት ፎቶ አይናቹራሊስት፣ ለወፍ ደግሞ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ2002 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ኢበርድ አለ። በ2020 የአንበጣ መንጋ ምሥራቁን ሲያጥለቀልቅም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ማንም ሰው በስልኩ መንጋ የሚጠቁምበትን መተግበሪያ አሠራጭቶ ነበር።

ሠልጣኞችን ደጋግሞ የሚያሳስተው አንድ እምነት አለ፤ የቆጣሪ ሥራ ብርቅ ነገር ማግኘት ነው የሚለው። ከተማሪዎች ጋር ሜዳ ስወጣ አንዱ ሁልጊዜ «ቁራና ድንቢጥ ምን ይጻፋል?» ይለኛል። መልሴ ጥንብ አንሳ ነው። ጥንብ አንሳ በየቄራው ደጅ ሲሰፍር የቆጠረው ስላልነበረ፣ ማነስ ሲጀምር በስንት እንዳነሰ የሚናገር የአካባቢ መዝገብ የለንም። በአፍሪካ ደረጃ ግን በ2016 የወጣ ጥናት ከስምንት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ሰባቱ በሦስት ትውልድ ጊዜ ውስጥ 80 በመቶና ከዚያ በላይ መመናመናቸውን ገልጿል። ተራ የሆነውን ተራ ሳለ ያልቆጠረ፣ ብርቅ ሲሆን የሚያወዳድርበት የለውም።

ከዚህም የሚብሰው ያላዩትን አለመጻፍ ነው። ሰባት ጠዋት ወጥተን ላርክ ያየነው አንድ ቀን ቢሆንና ያንን ቀን ብቻ ብንመዘግብ፣ መዝገቡ ሜዳው ላርክ የሞላበት ይመስላል። ስድስቱን ባዶ ጠዋቶች ከነመንገዳቸውና ከነሰዓታቸው ስንጨምር ነው እውነቱ የሚወጣው። ከአምስት ዓመት በኋላ ባዶዎቹ ቢበዙ ወፏ እያነሰች መሆኑን በማስረጃ መናገር እንችላለን። ኢበርድ በዝርዝሩ መጨረሻ የለያችኋቸውን ሁሉ ጽፋችኋል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። «አዎ» ማለት ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ወፍ አልታየም ማለት ነው። ላርክ ፈልገን ያጣንበት ጠዋት ከንቱ ልፋት አይደለም፤ ራሱ መረጃ ነው።

እረኛም ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ያውቃል። አንዲት ተማሪ አንድ አዛውንት እረኛን «አዴር፣ ይቺ ሮጣ የምትሸሸው ወፍ ድሮስ እስከ የት ትታይ ነበር?» ስትላቸው፣ በበትራቸው ወደ ማሽላው ማሳ ጠቁመው፣ ያ መሬት ሣር የነበረበትን ጊዜ በድርቁና በዝናቡ ዓመት እየቆጠሩ ነገሯት። የሣሩ ሜዳ መታረስ ለላርክ ዋና ጠንቅ ስለሆነ ያ ምስክርነት መመዝገብ አለበት፤ ከወፍ ቆጠራው ዝርዝር ግን ለብቻው።

አንዳንድ ጥንቃቄ የጎደለው ልማድ ግን ይታረም። «ጠዋት 1 ሰዓት» ብሎ ስልኩ ላይ 1 የሚያስገባ ሰው ወፏን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያያት አስመሰለ፤ በፈረንጅ ሰዓት 7 ነው የሚጻፈው። በቴሌግራም ተጨምቆ የተላከ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ መረጃ ስለሚያጣ፣ መጫን ያለበት ዋናው ነው። የዝርያውን ስም ያልለየ ሰው «ላርክ መሰለኝ» ብሎ ይተወው እንጂ ዝርያውን አይገምት። የአቦሸማኔ ግልገል ወይም የወፍ ጎጆ ያገኘ ደግሞ ቦታውን በማኅበራዊ ገጽ አይለጥፍ፤ ግልገሎችን በሶማሊላንድ በኩል የሚያሾልኩ ነጋዴዎች አሉ። አይናቹራሊስት የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታ ከሕዝብ ዕይታ ይሸሽጋል፤ የፌስቡክ ልጥፍ ግን አይሸሽግም።

በአገራችን በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን የመሰለ ተቋም አለ፤ ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲም ደጃችን ላይ ነው። የባዮሎጂ መምህራን ሆይ፣ ብዙ ገንዘብ አትጠብቁ። አንድ የሣር ሜዳ ምረጡ፤ በየወሩ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት ከተማሪዎቻችሁ ጋር ሂዱ፤ ያያችሁትን ሁሉ፣ ያላያችሁትንም ጻፉ።