ከኮርንፍሌክስ ካርቶን የወጣ ዘፈን

ቶሪ ኤሞስ ዝነኛ ከመሆኗ በፊት በኬሎግስ የቁርስ ሲሪያል ማስታወቂያ ላይ ፒያኖ ስትጫወት ታይታ ነበር። በማርኬቲንግ ሙያ ላይ ላለሁት ለእኔ ይህች ነገር ትጥመኛለች። ምክንያቱም አሜሪካዊቷ ድምፃዊት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «ኮርንፍሌክ ገርል» ስሙን ሲሰሙት ማስታወቂያ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው።

በብሪታንያ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ 4ኛ የደረሰው ይህ ሮክ መነሻው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት የሚተርከው የአሊስ ዎከር ልቦለድ ነው። ኤሞስን የከነከናት ምላጩ ብቻ አይደለም፤ ልጅቷን ይዛ የምታቀርበው የገዛ እናቷ መሆኗ ነው። እሷና ጓደኞቿ ቀርበው የሚጎዱ ሴቶችን «ኮርንፍሌክ»፣ የሚታመኑትን «ዘቢብ» ይሏቸው ነበር። በካርቶኑ ውስጥ ዘቢቡ ጥቂት ነዋ!

ፒያኖውን ልብ ብለው ያዳምጡት። መጀመሪያ ጨዋታ ይመስላል፤ ወደ መጨረሻው ግን ጣቶቿ ቁጣውን ያወጡታል።

በአገራችን ግርዛት በወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ ሆኖም ዛሬም አልቀረም፤ ልጅቷን የሚያስገርዟትም ብዙ ጊዜ የምታምናቸው ሴቶች ናቸው። ዘፈኑን ከልጅዎ ጋር ከሰሙት «ለአንቺ ዘቢብ ማን ናት?» ብለው ይጠይቋት። የክፍል ጓደኛዋን ስም ትጠራ ይሆናል። የእርስዎን ካልጠራች አይቆጡ፤ ለምን እንደሆነ ብቻ ይጠይቋት።