እስከ ጤና ኬላው መደርደሪያ

ፍላቂት በሰሜን ወሎ የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልድያ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ያቋርጣታል። ከመንገዱ ርቀው በገደልና በሸለቆ በተለያዩት ቀበሌዎች ግን ትኩሳት የያዘው ሕፃን መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ጤና ኬላ ነው። ኬላው የሚሰጠው ክትባትና መድኃኒት በከፊል የሚገዛው በእርዳታ ገንዘብ ነው። ይህን ገንዘብ ማን ይቆጣጠረዋል?

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ተወሰነ። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን፣ አምስት ያህል ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ። የባለሙያዎቹ ደመወዝ ከወረዳው በጀት ይከፈላል።

የእርዳታው ገንዘብ ደግሞ በሦስት መንገድ ይመጣል። የፋይናንስ ባለሙያዎች ‹ቻናል› ይሏቸዋል። አንደኛው በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ወደ ክልልና ወረዳ ይወርዳል። ሁለተኛው በጤና ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ሦስተኛውን ለጋሹ ራሱ ወይም የመረጠው ድርጅት ያንቀሳቅሰዋል።

የሁለተኛው ትልቁ ምሳሌ በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመው የጋራ ቋት ነው፤ አሁን የዘላቂ ልማት ግቦች የአፈጻጸም ፈንድ ይባላል። እንደ ብሪታንያ፣ አየርላንድና ጋቪ ያሉ ለጋሾች ገንዘባቸውን ለየብቻ ፕሮጀክት ከመቁረጥ ይልቅ በቋቱ ያጠራቅማሉ። መነሻ ሐሳቡ አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት ነው። ሚኒስቴሩ ዓመታዊ ዕቅዱን ከለጋሾች ጋር ይስማማበታል፤ ሒሳቡ በየዓመቱ ይመረመራል፤ አፈጻጸሙም በጋራ ይገመገማል።

በሦስተኛው መንገድ የሚሠሩ ድርጅቶችን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘግባል፤ ይከታተላል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪያቸው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ሆኖም ይህ ገንዘብ በመንግሥት በጀት ውስጥ ስለማያልፍ፣ ሲቋረጥ ክፍተቱን የሚሸፍን ቀድሞ የተያዘ በጀት አይኖርም። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ድጋፏን ስታቆም፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ።

የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። በ2013 ክረምትና በ2014 መባቻ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ወደሙ። መልሶ ለማቋቋም የሚመጣውን እርዳታ ለመቆጣጠር ቀድሞ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። የንብረት መዝገቡ ከጠፋ ግን የተተካውንም የጎደለውንም መለየት ያስቸግራል።

ኦዲተር ደረሰኙን፣ የንብረት ገቢ መሆኑን የሚያሳየውን ሞዴል 19ና የክምችት መመዝገቢያውን ቢን ካርድ ይመረምራል። ይህ ሥራ የግድ ነው፤ ነገር ግን እናት ልጇን አዝላ መጥታ መድኃኒት አጥታ የተመለሰችበትን ቀን ደረሰኝ አይመዘግበውም። ያንን የሚያውቀው የቀበሌው ሰው ነው። ጤና ጣቢያ የኅብረተሰብ ተወካዮች ያሉበት ቦርድ አለው፤ ነዋሪዎች ለአገልግሎቱ ነጥብ የሚሰጡበት የውጤት ካርድም አለ። እነዚህ መዋቅሮች ለስም የሚሰበሰቡ መሆን የለባቸውም። በየሩብ ዓመቱ ለኬላው የተላከው የመድኃኒት ዝርዝር ከነመጠኑ በኬላው ደጃፍ ይለጠፍ፤ በቀበሌ ስብሰባም ይነበብ። የጎደለውን ቦርዱ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ጽሕፈት ቤቱም በጽሑፍ የመመለስ ግዴታ ይኑርበት። እርዳታው የተሰጠው ለመቄት ሰው ነውና፣ መድረሱን የመመስከር መብቱም የእሱ ነው።