እግሩ ሄደ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ የሚመጡ ቤተሰቦች ከፊዚዮቴራፒ የሚጠብቁት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛቸው እንዲራመድ። ስትሮክ የጣለውም፣ ባጃጅ ተገልብጦበት ጭንቅላቱን የተመታውም፣ ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ራሱን ስቶ የነቃው ሕፃንም "ፓራላይዝ ሆነ" ተብለው ይመጣሉ። ጉዳታቸው ግን ለየቅል ነው።

ስትሮክ ቀኝ አንጎልን ሲጎዳ ግራ ጎን ይደክማል፤ አንዳንዱ ታካሚ ጭራሽ ግራ ጎን እንዳለው ይዘነጋል። ከትሪው የቀኙን በልቶ የግራውን ይተወዋል። እንዲህ የሆኑ አንድ አባትን ያለማመድኳቸው በውዱእና በሰላት ነው። ቀኝ እጃቸው የደከመውን ግራ እስከ ክርን ሦስት ጊዜ ያጥባል። በሰላቱ ማብቂያም ፊታቸውን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዙረው "አሰላሙ ዓለይኩም" ይላሉ። መቆም እስኪችሉ በወንበር ሰገዱ፤ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው። እኔ ያላዘዝኩት፣ በቀን አምስት ጊዜ የማይቀር ልምምድ! ቤተሰቡን አጥብቄ የለመንኩት፣ ሲያስነሷቸው ግራ እጃቸውን ይዘው እንዳይጎትቱ ነው። ጡንቻው የላላ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ሕመሙም ልምምዱን ያስተዋል።

ግራ አንጎል ሲጎዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ንግግር ይያዛል። በእኛ አካባቢ ኦሮምኛና አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ብዙ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ሊመለስ ይችላል። በአማርኛ ጠይቀን መልስ ስላጣን ብቻ "አይገባውም" ብለን ካርድ ላይ መጻፍ የለብንም።

ከሁሉ የሚያሳስቡኝ ግን ጭንቅላታቸውን የተመቱ ወጣቶች ናቸው። ለስትሮክ ታማሚው ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠይቃል፤ ጭንቅላቱን የተመታው ወጣት ግን እየሄደ፣ እየበላ ስለሆነ የሚደርሰው ቁጣ ነው። "ልጄ፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ሰነፈብኝ" አሉኝ የአንዱ እናት። አልሰነፈም። የአንጎሉ ፊተኛው ክፍል ተጎድቷል፤ ሥራ የሚያስጀምረው፣ ንዴትን የሚገታው እሱ ነው። ድጋፍና ተሽከርካሪ ወንበር ለሚያስፈልገው ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ የዚህ ልጅ ሕክምና ግን ያለው እናቱ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይንገሩት፣ ሲናደድ አይከራከሩት፣ ድካም ሲታይበት ጋደም ይበል አልኳቸው።

"ባጃጁንስ መቼ ይያዝ?" አሉኝ። ሐኪሙ አይቶት እስኪፈቅድ ቁልፉ እርስዎ ጋ ይሁን አልኳቸው።