አቧራውም በእጅ የሚሠራባት ከተማ

ሌሊት ነው። መንገዱ በዝናብ ርሷል፤ ከላይ የተንጠለጠለው ብርቱካናማ የኒዮን ማስታወቂያ አስፋልቱ ላይ ተገልብጦ ይታያል። በስተግራ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት አለች፤ ባንኮኒዋ ፊት ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ የአንደኛው ግማሽ ፊት ብረት ነው። ከምግብ ቤቷ በላይ መስኮት፣ ቧንቧ፣ ገመድና የአየር ማስወጫ እስከ ሠላሳኛ ፎቅ ድረስ ተደራርቧል። ከዚያም በላይ የሚበር ታክሲ፣ ከታክሲው ኋላ ጭጋግ። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የሰዎቹ ጭንቅላት ቢጫ፣ እጃቸውም እንደ መንጠቆ የተቆለመመ መሆኑን ያስተውላል። ከተማዋ በሙሉ የሌጎ ናት። ሊነካት እጁን የሚዘረጋ ግን አንድም ጡብ አያገኝም፤ ያለችው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ ከተሞችን ሲሠሩ የሚያድሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ብዙዎቹም ከልጅነት ከተሰናበቱ ቆይተዋል። ሥራውን ከሩቅ ያየ የኮምፒውተር ጨዋታ ይለዋል። ነገር ግን ነጥብ የሚይዝ የለም፣ አሸናፊ የለም፣ የሚሯሯጥም የለም። እኔ የማስጠጋው ለግንበኝነት ነው፤ ደንቡ ከጡቡ መጠን ይጀምራልና።

የሌጎ ኩባንያ በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ በምትባል ቦታ፣ ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን በሚባል አናጢ ወርክሾፕ ተጀመረ። ዛሬ የምናውቀው፣ ከላይ ጉጥ ከውስጥ ደግሞ ቱቦ ያለው የፕላስቲክ ጡብ፣ የፈጠራ መብት ማመልከቻ የገባለት ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ነው። የዚያን ዘመን ጡብ ዘንድሮ ከተመረተው ጋር ይገጥማል፤ ልኩ አልተነካምና። ከአንድ ጉጥ መሃል እስከ ቀጣዩ ጉጥ መሃል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የሙሉ ጡብ ቁመት 9.6፣ የስሱ ጡብ ቁመት 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ስስ ጡብ አንድ ሙሉ ጡብ እንደሚሆን በጡቡ የተጫወተ ሕፃን ሁሉ በጣቱ ያውቀዋል። ትልልቆቹን የሚይዛቸው ሌላኛው ስሌት ነው፦ አምስት ስስ ጡብ ሲደራረብ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በትክክል የሁለት ጉጥ ስፋት ነው። ስለዚህ አንድን ግድግዳ በጎኑ አስተኝቶ፣ ጉጡን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ በቆመ ግድግዳ መሃል በተተወ ክፍተት ውስጥ ያለ ቀዳዳ መሰካት ይቻላል። በእነዚህ ከተሞች ውስጥ የምናያቸው የተወሳሰቡ የሕንፃ ፊቶች በአብዛኛው የቆሙት በዚህች ቀላል ሒሳብ ነው።

ጡቡን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ኩባንያው አልነበረም። በ1995 ጄምስ ጄሲማን የተባለ አውስትራሊያዊ፣ በዶስ በሚሠሩት በዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች ላይ ኤልድሮው የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ዘዴው ቀላል ስለሆነ ደስ ይላል። እያንዳንዱ ጡብ በፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፦ ቀለሙ፣ የቆመበት ቦታ፣ የዞረበት አቅጣጫ፣ የዕቃው ቁጥር። ሁላችን የምናውቀው ባለ ስምንት ጉጡ ጡብ 3001 ነው። የርዝመት መለኪያው 0.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተመረጠ፤ በዚህ መለኪያ የጉጥ ርቀት 20፣ የጡብ ቁመት 24፣ የስሱ 8 ይሆናል፤ ክፍልፋይ የሚባል ጣጣ የለም። እንግዳ ነገሩ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ቁጥሩ ወደ ታች መቀነሱ ነው፤ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ በኤልድሮው ውስጥ ከዜሮ በታች ይቆማል። ጄሲማን በ1997 ዓለምን ተሰናበተ። የዕቃዎቹን ሥዕል በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሰዎች ግን ሥራውን አልጣሉትም፤ የፋይሉ ቋንቋ ዛሬም ይነገራል። ኩባንያው ሌጎ ዲጂታል ዲዛይነር የተባለውን የራሱን ፕሮግራም በ2004 ቢያወጣም፣ በ2022 ቦታውን ስቱዲዮ ለተባለ ሌላ ፕሮግራም ለቀቀ። ስቱዲዮ የተወለደው ከብሪክሊንክ ነው፤ ሌጎ በችርቻሮ የሚሸጥበት ይህ የድረ ገጽ ገበያ በ2000 ተመሥርቶ በ2019 በራሱ በሌጎ ኩባንያ ተገዛ።

ስቱዲዮን ከፍቶ ባዶውን ግራጫ ሜዳ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጥጋብ ነው። ጡቡ አያልቅም፣ አይጠፋም፣ ከሶፋ ሥር አይገባም። ምርጫው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ያህል፦ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ስድስት ባለ ስምንት ጉጥ ጡቦች በስንት መንገድ ይገጣጠማሉ? ኩባንያው ለረጅም ጊዜ 102,981,500 ይል ነበር። በኋላ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ሶረን አይለርስ ነገሩን ሲመረምረው፣ አሮጌው ቁጥር የሚቆጥረው ስድስቱም ጡቦች አንዱ በአንዱ ላይ የቆሙበትን ማማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም አገጣጠም ሲቆጠር 915,103,765 ሆነ። ይህ ስድስት ጡብ ነው፤ ከተማዋ ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሊኖር ይችላል።

ጥጋቡ ግን ቶሎ ያቅራል። የጀማሪ ከተማ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ረጅም፣ ንጹሕ፣ አንጸባራቂና የሞተ። አዲስ አበባ ውስጥ በግንባታ ቦታ ቆርቆሮ አጥር ላይ የሚለጠፈውን «ወደፊት የሚሠራው ሕንፃ» ሥዕል ያየ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። መስታወቱ ያበራል፣ ዛፉ እኩል ተከርክሟል፣ በረንዳ ላይ ልብስ ያሰጣ ሰው የለም።

መድኃኒቱን ያገኙት የፊልም ሰዎች ናቸው። ሪድሊ ስኮት በ1982 ላወጣው «ብሌድ ራነር» የከተማዋን ንድፍ ያወጣው ሲድ ሚድ፣ የ2019ን ሎስ አንጀለስ ሲያስብ አዲስ ከተማ አልሣለም። ነባሩን ሕንፃ ትቶ በላዩ ላይ ቧንቧ፣ ሽቦ፣ ማሽንና ማስተላለፊያ ጫነበት። የሐሳቡ ፍሬ፣ የወደፊት ሰው ያረጀውን ለማፍረስ አቅም አጥቶ እየጠጋገነ ይኖራል የሚል ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በእውነትም ነበር፦ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የኮውሉን ቅጥር ከተማ። ሦስት ሄክታር በማይሞላ መሬት ላይ ከ30,000 በላይ ሰው ይኖርባት ነበር፤ ሕንፃው በሕንፃ ላይ ተደግፎ፣ የውኃ ቱቦው በየኮሪደሩ ጣሪያ እየተጎተተ፣ ታችኛው መንገድ ፀሐይ ሳያይ። በ1993 እና 1994 ፈረሰች። የሳይንስ ልብ ወለድ ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ግን ፎቶዋን ዛሬም አስቀምጠው ያዩታል። እኔ እንደሚገባኝ ምክንያቱ ጨለማዋ አይደለም። በእያንዳንዱ ቱቦ ጀርባ «ውኃ እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ይታያል።

ይህን የሰው አሻራ በጡብ የሚያመጡበት ዘዴ ግሪብል ይባላል። ቃሉ «ስታር ዋርስ»ን (1977) ከሠሩት የሞዴል ባለሙያዎች የመጣ ነው፤ እነሱ ከሱቅ የገዟቸውን የታንክና የአውሮፕላን መገጣጠሚያ ዕቃዎች ፈተው የመንኮራኩራቸው ገላ ላይ ይለጥፉ ነበር። ግድግዳ ያለ ግሪብል ዓይን የሌለው እንጀራ ነው፤ ይበላ ይሆናል፣ ግን ማንም አያምነውም። በሌጎ ዓለም የሚያስደስተው ደግሞ ዕቃው ከተፈጠረበት ሥራ ውጭ መዋሉ ነው። የትንሹ የሌጎ ሰው የበረዶ መንሸራተቻ ዘንግ አንቴና ይሆናል፤ የውኃ ቧንቧዋ የጋዝ መዝጊያ፣ ሮለር ስኬቷ የሞተር ክፍል፣ የተሸነታተረችው ስስ ጡብ የአየር ማስወጫ። ኩባንያው ራሱ በ2021 ባወጣው የቦንሳይ ዛፍ ላይ ሮዝ አበባዎቹን የሠራው ከሮዝ እንቁራሪቶች ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ማንኛውንም የሌጎ አበባ ሳላገላብጥ አላልፍም።

ኮምፒውተሩ እዚህ ላይ ያግዛል፣ ያሳስታልም። አንድ አፓርታማ ከነበረንዳው፣ ከነሳተላይት ዲሹ ይሠራና አርባ ጊዜ ይቀዳል፤ አንዱ ሲስተካከል አርባውም ይስተካከላሉ። ዓይን ግን ድግግሞሽን እንደ ሌባ ጠባቂ ይይዛል። ስለዚህ ጎበዙ ሠሪ አምስት ስድስት ዓይነት አፓርታማ ይሠራል፤ ያዟዙራቸዋል፤ አንዱ ጋ መብራቱን ያጠፋል፣ አንዱ ጋ መጋረጃ ይሰቅላል። በመስታወት እንደሚታየው ግራና ቀኝ መገልበጥም ሁልጊዜ አይሆንለትም፤ የቀኝ ክንፍና የግራ ክንፍ ጡቦች የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ዕቃዎች ናቸውና።

ክርክር የሚነሳው ስለ አገጣጠም ሕጉ ነው። የኩባንያው ንድፍ አውጪዎች «ሕገወጥ» የሚሏቸው አገጣጠሞች አሉ። ለምሳሌ በሁለት ጉጦች መካከል ያለው ክፍተት 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስሱ ጡብ ውፍረትም 3.2 ነው። ስክሪኑ ላይ ስሱን ጡብ አቁመው በጉጦቹ መካከል ቢከቱት ያለ ቅሬታ ይገባል። በእውነተኛው ፕላስቲክ ግን እየተጨናነቀ ይገባና ጡቡን ያስጨንቀዋል፤ ስለዚህ ክልክል ነው። ቀለምም እንደዚያው ነው። ፕሮግራሙ አንድን ዕቃ ፋብሪካው ፈጽሞ ባልሠራው ቀለም ይቀባልሃል። «ኮምፒውተር ውስጥ ከሆነ ምን ችግር አለው?» የሚሉ አሉ። እኔ የከልካዮቹ ወገን ነኝ። እንደ ልብ የሚቀባና እንደ ልብ የሚጋጭ ጡብ ጡብነቱ ይቀርና ሸክላ ይሆናል፤ ያኔ ከተማዋን በሌጎ መሥራት ለምን አስፈለገ?

ከተማዋ ተሠርታ ስታልቅ ሬንደር ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ የብርሃንን መንገድ እየተከተለ፣ ከዕቃ ዕቃ እየነጠረ ፎቶ የሚመስለውን ሥዕል የሚያሰላበት ሥራ ነው። ብዙ መብራትና ብዙ የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ያለበት ትዕይንት ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያ ሬንደሬን ጠዋት ተነሥቼ ሳየው ግንቡ ሁሉ አንድ ወጥ ሰሌዳ መስሎ ታየኝ። ምክንያቱ ገባኝ፦ እውነተኛው ባለ አንድ ጉጥ ጡብ ስፋቱ 7.8 እንጂ 8 ሚሊ ሜትር አይደለም፤ በጡብና በጡብ መካከል የምትቀረው ያቺ ቀጭን ጥቁር መስመር ናት ዓይናችንን «ይህ ሌጎ ነው» የምትለው። በፋይሉ ውስጥ ጡቦቹ ልክ 8 ላይ ስለሚነካኩ መስመሯ ትጠፋለች፤ ሬንደር ሲደረግ በቅንብር መመለስ አለባት። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ጥላው አጋለጠኝ። ትልቁ ሕንፃዬ ከመንገዱ በአንድ ስስ ጡብ ከፍ ብሎ አየር ላይ ቆሞ ነበር፤ ስሠራው ለሳምንታት አላየሁትም።

የሬንደር ሠሪዎች ሁሉ የሚጠቅሱት ፊልም የ2014ቱ «ዘ ሌጎ ሙቪ» ነው። የሲድኒው አኒማል ሎጂክ ስቱዲዮ ፊልሙን የሠራው በኮምፒውተር ሆኖ ሳለ፣ ባለሙያዎቹ ጡቦቹ ላይ የጣት አሻራ፣ ጭረትና አቧራ ጨመሩ። የሰማንያዎቹ ጠፈርተኛ ቤኒ የራስ ቁሩ አገጩ ጋ ተሰብሯል፤ የዚያ ዘመን የራስ ቁር የሚሰነጠቀው እዚያው ቦታ ላይ እንደነበር በልጅነቱ የተጫወተበት ያውቃል። ኮምፒውተር በባሕርዩ ንጹሕ ነው፤ እድፉን የሚያመጣው ሰው ነው።

ጥልቀትም በዘዴ ይመጣል። ከፊት ያለችው ምግብ ቤት የተሠራችው አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነችው የሌጎ ሰው ልክ ነው። ከኋላዋ ያለው ሕንፃ ግን በግማሽ ልክ፣ ከዚያም ኋላ ያሉት አንድ ጉጥ አንድ ክፍል በሚሆንበት ጥቃቅን ልክ ይሠራሉ። ካሜራው ከአንድ ቦታ ብቻ ስለሚያይ ማታለሉ አይታወቅም። «ብሌድ ራነር»ም የመክፈቻ ትዕይንቱን የቀረጸው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ትንንሽ ሞዴሎች፣ ወደ ኋላ እያነሰ የሚሄድ ልክ፣ ክፍሉን የሞላ ጭስ። ሬንደሩ ላይ ያለው ጭጋግ የዚያ ጭስ ልጅ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የምትቀር አንዲት ቁልፍ አለች፤ ስትጫን የከተማዋን ጡቦች በዓይነትና በቀለም ቆጥራ፣ ከብሪክሊንክ ቢገዙ ስንት እንደሚያወጡ ትገምታለች። ብዙ ሠሪዎች ለመግዛት ሳያስቡ፣ ለጉጉት ብቻ ይጫኗታል። ቁጥሩን ያያሉ፣ አንዴ ይስቃሉ፣ መስኮቱን ይዘጉና ባንኮኒው ፊት ከቆሙት የአንዱን ጭንቅላት ትንሽ ወደ ዝናቡ አዙረው እንደገና ሬንደር ይላሉ።